የኡትባን ዝናብ

የከተማ ሰው የአየር ትንበያ የሚያየው ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ብሎ ነው። ቢሳሳት ሸሚዙ ይረጥባል፤ ቤቱ ገብቶ ይቀይራል፣ አለቀ። ከሎጊያ ወደ ሰሜን፣ ሜዳው ውስጥ የሚኖር አፋር ግን "ዝናብ የት ጣለ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ከብቶቼን ይዤ ወዴት ልሂድ፣ ልጆቼ በሚመጣው ወር ምን ይጠጣሉ ማለቱ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ጥላ ፈልጎ ቁጭ ያደርገውና ይጠይቀዋል። ያም ያየውንና የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይዘከዝክለታል። ዳጉ ይሉታል። ቸኩያለሁ ብሎ ዳጉ ሳይሰጥ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ካለም እናቱ በደንብ አላሳደገችውም።

የዳጉ ሕግ አጭር ናት። ያየኸውን አየሁ በል፤ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ በል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ከሌባ ይብሳል። ሌባ የሚወስደው አንድ ፍየል ነው፤ ይሄኛው መንደር ይዞ ይጠፋል።

ኡትባን አይዳሂስ ይህችን ሕግ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሶላቱ ጠብቋት የኖረ ሰው ነው። እንዲያውም አበዛው። ሻይ ቀርቦለት "ጣፈጠ ወይ?" ሲሉት "ስኳር እንደገባበት ሰምቻለሁ፣ ገና አልቀመስኩትም" ይላል። ሟች ሚስቱ፣ አላህ ይማራትና፣ "ይሄ ሰውዬ እኮ ሴት ልጅ ተወለደችልህ ቢሉት፣ እስካያት ድረስ ከአዋላጇ ሰማሁ ነው የሚለው!" እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ታስቅበት ነበር። ሰው ይሳቅበት እንጂ በእሱ ቃል ግመሉን ይጭናል።

ጎሳው ዝናብ የጣለበትን ቦታ የሚያጣራ ሰው ሲልክ፣ ኤዶ ይባላል፣ ከሃያ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ኡትባን ያልሄደበት ጊዜ ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ላይ አብረውት የወጡት ሁለት ሰዎች ደመና አይተው ከመንገድ ሲመለሱ፣ እሱ ብቻውን ሜዳው ድረስ ወርዶ አፈሩን በእጁ ቆፈረው። ኤዶ የሚባለው ይሄ ነው። ማየት ብቻ አይበቃም፤ እጅህን ከትተህ እርጥበቱ እስከ የት እንደወረደ መለካት አለብህ። ጣትህን ብቻ ካራሰ እርሳው። እስከ እጅ አንጓ ከሆነ ፍየል ያኖራል። እስከ ክርን ከራሰ ግን ሣሩ ላም ይተኛበታል፣ ጫን ተነስ ነው። ኡትባን ያን ጊዜ "ጣት እንኳ አላራሰም" ብሎ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ጠላው፤ ሟርተኛ አሉት። አላምን ብለው የሄዱት ቤተሰቦች ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ከብት ሲመለሱ ግን ሁሉም አፉን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ቃሉን ተጠራጥሮት አያውቅም።

ዘንድሮ ሱጉም፣ የበልጉ ዝናብ፣ ሳይመጣ ቀረ። ከርማ የሚሉት የክረምቱ ደግሞ ሐምሌ ተጋምሶ ወሬው የለም። አርባ ቤት የሰፈረበት ያ መንደር በየቀኑ አንድ ሁለት ላም ወደ ገደል እየጎተተ ይጥላል። ሽታው ሰው ያሳብዳል። ከብቶቹ የቀራቸው ጉልበት ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ወደ ተሳሳተ ቦታ ከነዷቸው መመለስ የሚባል ነገር የለም።

የኡትባን ታናሽ እህት ዳሃባ ስድስት ላሞች ነበሯት፤ አንዲት ቀረች። በዚያች ላም ወተት ነፍሷን ይዛ ያለችው የዳሃባ የልጅ ልጅ ናት፤ የአምስት ወር ሕፃን። የእናትየው የሞሚና ጡት ከደረቀ ሦስት ሳምንት አልፎታል። አባትየው ያዮ፣ የዳሃባ አንድዬ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሱም ወደብ ላይ ወረፋ ይዞት ከመኪናው ንቅንቅ ማለት አልቻለም። የላከው የዱቄት ወተት ካለቀ ሰነበተ። ማድረግ የሚችለው ነገር ቢኖር በየቀኑ እየደወለ ስልኩ ላይ ያየውን የአየር ትንበያ ለእናቱ ማንበብ ብቻ ነው። "ዛሬ አርባ ሁለት ዲግሪ፣ ደረቅ" ይላታል። "እሱንማ እኔም ውጭ ቆሜ አውቀዋለሁ" ትለዋለች፤ ስልኩን ግን አትዘጋውም።

በዚህ መሀል ከሰሜን የመጣ መንገደኛ፣ ዓንዳባ ሜዳ ላይ ደመና መክበዱን ከእረኞች ሰማሁ አለ። የጎሳው ሽማግሌ ዴርሳ ወዲያው ኡትባንን አስጠራው።

"ተነስ እንግዲህ፣ እግርህ አለ?"

"መኖሩን ሰምቻለሁ" አለ ኡትባን። ሳቁ። በዚያ ሰሞን መንደሩ ውስጥ የተሳቀው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለወጉ ኤዶ የሚወጣው ሁለት ሦስት ሆኖ ነው። አብሮት የወጣው ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ አብጦ ተመለሰ። ኡትባን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ አምስት ሊትር ውኃ በጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ብቻውን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጉራሌ ከሚባለው ጉብታ አናት ወጣና ቁልቁል ዓንዳባን አየ።

ያ አላህ! ከሜዳው ወዲያ ጫፍ ላይ ደመናው ጠቁሮ ወርዷል፤ ግራጫ የዝናብ መጋረጃ መሬት ድረስ ተዘርግቷል። ነፋሱ ሲመጣ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ኡትባን ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና እንባው መጣ። ከዚያ ጀሪካኑን አየው፤ ሩቡ ብቻ ቀርቷል። ወደ ሜዳው ለመውረድ ግማሽ ቀን፣ ለመውጣት ሌላ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጉብታው ላይ ኔትወርክ ስለነበር ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ዳሃባ መንደሯ አጠገብ ካለችው ጉብታ ላይ የልጇን ጥሪ ስትጠብቅ አገኛት።

"ወንድሜ! የት ደረስክ? አየህ?"

"አየሁ። ከሩቅ ነው። ዓንዳባ ጫፍ ላይ እየጣለ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!"

"ቆይ፣ አትጩሂ። ለማንም እንዳትናገሪ። ገና አልወረድኩም፣ አፈሩን አልነካሁትም።"

"መቼ ትነካዋለህ?"

"መውረድ መውጣቱ አንድ ቀን ይጨምራል።"

ኡትባን መስመሩ የተቋረጠ መስሎት "ሄሎ፣ ሄሎ" አለ።

"አለሁ" አለችው። "ላሟ ዛሬ የሰጠችኝ አንድ ስኒ ነው። ስኒ ስልህ የቡና ስኒ። ልጅቷ ማልቀስ ትታለች ኡትባን። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። አሁን ዝም ብላ ታየኛለች።"

ኡትባን ስልኩን ዘጋና ሜዳውን ደግሞ አየው። ደመናው እንዳለ ነው። ዝናብ ዝናብ ነው፣ አለ ለራሱ፤ ከዚህ ሆኜ በዓይኔ እያየሁት ምን ሊሆን ነው? ያየሁትን ያህል እነግራቸዋለሁ፤ ከጉብታው ላይ ሆኜ አየሁ፣ አልወረድኩም እላለሁ። ውሳኔው የእነሱ ነው። እንዲህ ብሎ ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ እኔም አልፈርድበትም። የሦስቱን ቀን መንገድ በሁለት ቀን ተመለሰ፤ የጫማው ሶል ተገንጥሎ በገመድ አስሮት ነው የገባው።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ፣ ከትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ። ዴርሳ መሀል ላይ ተቀመጠ። ያዮም ደውሎ ስለነበር ሞሚና ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ኡትባን ውኃ ጠጥቶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ያዮ ቀደመው።

"አባቶቼ ስሙኝ። ትንበያው እንዲህ ይላል። ምዕራብ፣ ዳውዶ ተራራ ሥር፣ ሐሙስና ዓርብ ዝናብ አለ። አርባ በመቶ። ዓንዳባ ዜሮ ነው።"

"አርባ በመቶ ምን ማለት ነው?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ከመቶ አርባ ዕድል አለው ማለት ነው።"

"እህ! ከመቶ ላም አርባዋ ትጠጣለች፣ ስድሳዋ ቆማ ታያለች በለና!"

"ዓንዳባ ዜሮ?" አለ ሌላው። "ኡትባን እኮ ሲጥል አይቶ መጣ! ከዳሃባ ፊት ነው ያወቅነው፤ ከትናንት ወዲያ ከጉብታው ስትወርድ ጥርሷ አልገጠም ብሎ ነበር።"

"ስልክ የሰማውን ነው የሚያወራው" አለ ሽማግሌው። "እግር የለው፣ ሄዶ አላየ!"

ሰው ሳቀ። ያዮ ግን አልሳቀም። "አጎቴ ያየውን አይቷል፣ እኔ ዋሸ አላልኩም። እናቴን፣ ሚስቴንና ልጄን ግን ወደ ዳውዶ ላኩልኝ። ለአስፋልቱ ይቀርባል። ወረፋዬ ሲደርስ ደርሼ አነሳቸዋለሁ። ኧረ በአላህ!"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንዱ እኔም ዘመድ ዳውዶ አለኝ አለ። ሌላው እኔስ ዓንዳባ አለ። ሴቶቹ ከኋላ ሆነው ይነጫነጩ ጀመር። መንደሩ ሁለት ቦታ ሊሰነጠቅ ሆነ፤ ሃያ ቤት ወዲህ፣ ሃያ ቤት ወዲያ። የወደቀ ከብት ለማንሳት አራት ወንድ ያስፈልጋል፤ ግማሽ መንደር ለወደቀው ሁሉ የሚበቃ ወንድ አያወጣም። ዴርሳ እጁን አነሳና ጸጥ አሰኛቸው።

"ኡትባን፣ አፈሩ የራሰው እስከ የት ነው?"

ኡትባን ቀና ሲል ዓይኑ ከዳሃባ ዓይን ጋር ተጋጨ። ሕፃኗን በጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀዋለች። "አልወረድኩም" የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ደርሳ ነበር። ይህችን ካለ መንደሩ ይሰነጠቃል። ዳሃባም በአርባ በመቶ፣ ምንም ባልጣለበት ምድር፣ ያችን ላም እየጎተተች ትሄዳለች። እሱ ግን ዝናቡን አይቷል! ሽታውን አሽትቷል! እዚያ ቢወርድ አፈሩ እርጥብ እንደሚሆን ያውቃል። ያውቃል አይባልም እንግዲህ፤ እንዲሆን ፈልጓል። በዚያች ሰዓት ሁለቱ አልተለዩለትም።

ቀኝ እጁን አነሳና በግራ እጁ ክርኑን ያዘ። "እስከዚህ" አለ።

በቃ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ሰው ብድግ ብድግ አለ። ሞሚና ስልኩን አንስታ "ወደ ዓንዳባ ነን፣ አጎትህ በእጁ ለክቶታል" አለችው። ያዮም "በእጁ ከለካውማ ምን እላለሁ" ብሎ ዘጋ። ዳሃባ እየተጣደፈች መጣችና የወንድሟን ቀኝ እጅ ይዛ ሳመችው። ኡትባን እጁን መንጠቅ ፈለገ፤ አልነጠቀም።

በማግስቱ ማለዳ ምንጣፉንና የቤቱን ቅስት እንጨት በግመሎቹ ላይ ጭነው ተነሱ። የመጀመሪያው ቀን ሰርግ ይመስል ነበር። እርስ በርስ ይበሻሸቃሉ፤ የአንዱን የከሳ በሬ "ዓንዳባ ስትደርስ ራስህን አታውቀውም" ይሉታል። ቀትር ላይ ጨው የጫኑ ሁለት ነጋዴዎች ተገናኟቸው። እንደ ወጉ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ዴርሳ ዳጉውን ሰጠ፤ "ኡትባን አይዳሂስ ኤዶ ወጥቶ ዓንዳባ ዝናብ ጥሎ አገኘ። በእጁ ለካው። እስከ ክርን።" ነጋዴዎቹ ኡትባንን አዩት። "አንተ ራስህ ነህ?" አለው አንደኛው። "እኔ ነኝ" አለ። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ? አመስግነው ወደ ምዕራብ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ኡትባን ጀርባቸውን እያየ ቆጠረ። ሁለት ሰው ማለት እስከ ነገ ማታ ሃያ ሰው ነው። ከነገ ወዲያ አገሩ ሁሉ።

በሁለተኛው ቀን የዳሃባ ላም ወደቀች። አራት ወንዶች በሁለት እንጨት ከሆዷ ሥር ገብተው አነሷት። ዳሃባ ከላሟ ጆሮ ሥር ሆና "ትንሽ ቀረሽ፣ እናቴ፣ ትንሽ ቀረሽ" ትላታለች። ኡትባን ከዚህ በላይ አልቻለም። ዴርሳ ወዳለበት ሄደ።

"ዴርሳ" አለው። "እዚያ ጉብታ ላይ..."

"ዝም በል፣ አትድከም" አለው ዴርሳ ትከሻውን ይዞ። "አውቃለሁ፣ ጫማህ ተቀዶ እግርህ ደምቷል። አንተ ባትኖር ዛሬ እርስ በርሳችን ተበጣጥሰን ነበር። አላህ ይስጥህ።"

ኡትባን አፉን ዘጋ። እኔ በዚህ ነው የምናደድበት። ያኔ ቢናገር ገና ግማሽ መንገድ ነበር፤ ስድብ ይሰደባል፣ ቢበዛ ዱላ ይቀምሳል፣ ግን ወደ ምዕራብ መታጠፍ ይቻል ነበር። እሱ ግን አሁንም ተስፋ ያደርጋል። ምናልባት እውነትም እስከ ክርን ርሷል። ምናልባት ሳላይ የተናገርኩት ልክ ነው። ሰው ምን ያህል ሲጨንቀው ነው ለራሱ ውሸት ዱዓ የሚያደርገው!

በዚያው ቀን ሲመሽ ላይ አንድ ወጣት በሞተር ከኋላቸው ደረሰ። ሞተሩን ሳያጠፋ "የኡትባን ዝናብ ወዴት ነው?" አለ። ስም ወጥቶለታል ማለት ነው! ወጣቱ የሰማውን ሲናገር አንዲት ቃል አልተጨመረችም፣ አንዲት አልተቀነሰችም፤ በእጁ ለካው፣ እስከ ክርን። ኡትባን ቃሏ ትንሽ እንኳ ተጣማ ቢሆን ደስ ባለው። እንደ ወጣች ነው የተመለሰችው።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ጉራሌን ወጥተው ወደ ሜዳው ወረዱ። መንገድ ላይ አሥራ ሰባት ከብት ወድቆ ቀርቷል። ሜዳው ደረቅ ነበር። አመድ የመሰለው አቧራ ላይ ጠብታ ያረፈበት ነቁጥ ነቁጥ ይታያል፤ ያ ነበር ሁሉ ነገር። ዝናቡ ጥሏል፣ አልጣለም አይባልም፤ የጣለው ግን ከሜዳው ወዲያ፣ ከተፈጠረ ጀምሮ ሣር በቅሎበት የማያውቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ወርዶ ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር።

ዴርሳ ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ውስጥ ከተተ። አወጣውና አራገፈው። ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ቆፈረ። ከዚያ ሌሎቹም ቆፈሩ፤ ወንዶችም ሴቶችም በየቦታው ተንበርክከው አቧራውን ይዝቁ ጀመር።

"ኡትባን" አለ ዴርሳ ተነስቶ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። "የቱ ጋ ነው የለካኸው? አሳየን። ምናልባት ቦታው ጠፍቶን ይሆናል።"

"አልለካሁም" አለ ኡትባን። "አልወረድኩም። ከጉብታው ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።"

አንድ ሰው ወገቡ ላይ ያለውን፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ጨበጠ። ዴርሳ እጁን ያዘው። ሴቶቹ "ወይኔ፣ ወይኔ" ማለት ጀመሩ። አርባ በመቶ ላይ የቀለደው ሽማግሌ አቧራው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ኡትባን ቢመቱት በወደደ፤ ማንም አልነካውም። ዝም ብለው እንደ ጉድጓድ ዙሪያውን ሄዱ እንጂ።

የዳሃባ ላም በዚያው ቀን ሞተች። ኡትባን እህቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ዳሃባ ቀና አላለችም።

"ሌላ ሰው ቢሆን እጠረጥረው ነበር" አለችው። "ልጄ በአላህ ስም ለምኖኝ እንኳ አልሰማሁትም። አንተ ስለሆንክ ነው የመጣሁት።"

"ልጅቷን ብዬ ነው ዳሃባ። ስልኩ ላይ ስትነግሪኝ..."

"በእኔ አታሳብ!" ብላ ጮኸች። "እኔ ፍጠን አልኩህ እንጂ ዋሽ አልኩህ?"

የተረፈችውን ፍየል አልበው ለሕፃኗ ያገኙት ሦስት ጉንጭ አይሞላም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የሚታለቡ ግመሎች ያስከተለ መንገደኛ ከምዕራብ መጣ። ዋግሪስ እባላለሁ አለ። ሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች እንኳ ዳጉ አይከለክሉም፤ ዴርሳ ተቀበለውና ቁጭ አለ። ኡትባን ለብቻው ከተቀመጠበት ድንጋይ ሆኖ ይሰማል። ዋግሪስ መጀመሪያ ሕፃኗን አየ፤ ሳይጠየቅ ወተት ቀድቶ ለሞሚና ሰጣት። ከዚያ ጀመረ።

"ሐሙስ ዕለት ዳውዶ ተራራ ሥር ጣለ። በዓይኔ አየሁ። ዓርብም ደገመ። በእጄ ለካሁት፤ ከአንጓዬ አልፎ ወደ ክርኔ ተጠግቷል። ሣሩ በሳምንት ይወጣል። ግን ሰው የለበትም። ዳውዶ ዙሪያ የነበሩት አራት መንደሮች ቀድመው ተነስተው ወደዚህ እየመጡ ነው፤ ከብታቸው እያለቀ ነው፣ ኡትባን የሚባል ሰው ዓንዳባን ለካ ሲባል ሰምተው። መንገድ ላይ አግኝቼ የዳውዶን ነገርኳቸው፤ የኡትባን እስከ ክርን ነው ብለው አልተመለሱም። ከኋላዬ አንድ ቀን ተኩል ይቀራቸዋል። ነገ ውኃ ያለበትን የመጨረሻውን ጉድጓድ ያልፋሉ፤ ካለፉት መመለስ የላቸውም። እኔም የዳውዶ ሣር እስኪወጣ ብዬ፣ እሱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።" ዙሪያውን አየ። የከብቶቹን ሬሳ አየ። "የት ነው ዝናቡ?"

ዴርሳ መለሰ። "ዝናብ የለም። ዳጉውን እኛ ነን ያወጣነው። ተሳስተናል። ይህን ይዘህ ቶሎ ተመለስና አግኛቸው፤ ኡትባን ተሳስቷል በላቸው።"

ዴርሳ ይህን ያለው ለኡትባን አዝኖ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አዘነለት! መሳሳት በማንም ይደርሳል፤ የተሳሳተ ሰው ከርሞ ይረሳለታል። ውሸታም ግን እስኪሞት ጥላ ሥር የሚያስቀምጠው አያገኝም፤ እሱ ብቻ ሳይሆን ልጁም ወንድሙም "የማን ዘመድ ነህ?" ሲባሉ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ዋግሪስ ተነስቶ ግመሎቹን መጫን ጀመረ። ሞሚናን ከነሕፃኗ በአንደኛዋ ላይ እወስዳለሁ፣ ዳውዶ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ሰው ያገኛሉ አለ። ዳሃባ ልጅቷን አቅፋ ለእናቷ አቀበለቻት። ኡትባን ያን ጊዜ ከድንጋዩ ተነስቶ መጣ።

"ተሳስቷል ካልካቸው አያቆሙም" አለ።

"ለምን?" አለ ዋግሪስ።

"እኔ ብሆን አላቆምም። በእጁ የለካ ሰው በምን ይሳሳታል? ምናልባት አንድ ቦታ ደርቆ ሌላው ርሶ ይሆናል እላለሁ፤ ከብቴ እየሞተብኝ ተስፋዬን አልጥልም። እሄዳለሁ። እነሱም ይሄዳሉ።" ወደ ዋግሪስ አንድ እርምጃ ቀረበ። "ዋሸ በላቸው።"

"ኡትባን፣ ተው" አለ ዴርሳ።

"ሳይወርድ ወረድኩ አለ፣ ሳይለካ ለካሁ አለ በላቸው። ስሜን ከነአባቴ ስም ንገራቸው፣ ጎሳዬንም ጨምር፤ ሌላ ኡትባን እንዳይመስላቸው።"

"ከማን ሰማሁ ልበል?" አለ ዋግሪስ።

"ከራሱ አፍ በል።"

ዳሃባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የአባቱ ስም የሷም የአባቷ ስም ነው። አትበል ግን አላለችውም።

ዋግሪስ ዓይኑን ሳይሰብር ኡትባንን እያየ፣ ዳጉ የተቀበለ ሰው ቃል እንዳያጎድል እንደሚያደርገው፣ የተነገረውን መልሶ ደገመለት። "ኡትባን አይዳሂስ ኤዶ ተልኮ ሳይወርድ ወረድኩ፣ ሳይለካ ለካሁ ብሎ ዋሸ። ዓንዳባ ዝናብ የለም። ከራሱ አፍ ሰማሁ።" ጎሳውንም ጠራ። ከዚያ "ልክ ነው?" አለው።

"ልክ ነው" አለ ኡትባን። "ፍጠን።"